ገደል ማሚቶን ያስጎነበስኩበት ሠርግ

ትናንት በሕልሜ ልጄ ሰአዳ ሳትዳር አረጀችብኝ። ቬሎዋን እንደለበሰች፣ የሙሽራ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ እዚያው ዓይኔ እያየ። ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በዚያ ሕልም ውስጥ የሠራሁትን ሥራ እኔ ካላወራሁት ማን ሊያወራልኝ ነው?

እኔ ይመር ነኝ። ደሴ መጥታችሁ «ይመር ሳውንድ» ካላችሁ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የማያሳያችሁ የለም። ሠርግ በሉት፣ ምረቃ በሉት፣ ድምፅ ካለ እኔ አለሁ። አልኩራራም ልላችሁ ነበር፤ ደግሞስ ለምን አልኩራራ? ጆሮ የሰጠኝ አላህ ነው፤ እኮራበታለሁ።

የእኛ አገር ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ኢኮ ይወዳል። ማይክ የጨበጠ ሁሉ «ይመር፣ ኢኮ ጨምርልኝ» ነው። መድረክ መሪው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል ግድግዳው «ጣችሁ፣ ጣችሁ፣ ጣችሁ» ካላለለት የተናገረ አይመስለውም። ለእሱ ይሁንለት። ምርቃት ላይ ግን አልችልም! ወሎ ውስጥ ያለ ምርቃት ምን ሠርግ አለ? መራቂው አንድ ቃል ይላል፣ ሕዝቡ «አሚን» ይላል። ኢኮው ቃሉ ላይ ከተኛበት ሰው አሚኑን የት ላይ እንደሚያስገባው ይጠፋዋል። የልጄን ሠርግ የሚመርቁት ደግሞ የእናቴ ወንድም አያ እንድሪስ ናቸው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ትንሽ ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሽ ይወስዳሉ። የእሳቸው ቃል ከተዋጠ ለእኔ ልጄ አልተዳረችም።

ስለዚህ መላ አበጀሁ። ኢኮውን ከተናጋሪው ድምፅ ጋር አሰርኩት። ሰው ሲናገር ኢኮው ጎንበስ ይላል፤ ሰው ዝም ሲል ቀና ይላል። የሙያው ሰዎች ዳኪንግ ይሉታል። እኔ እንዲያው ዘፈን ላይ ያለ ተቀባይ ነው የምለው፤ አውጪው ሳይጨርስ አፉን የሚከፍት ተቀባይ አይታችኋል? ይህንኑ ሳብሰለስል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

በሕልሜ የሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ደረስኩ። ሁለት ሙክቶች ከረባት አስረው፣ ግራና ቀኝ ቆመው የጥሪ ካርድ ይቀበላሉ። ከግንቡ ሥር ደግሞ ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ሁሴን በገመድ ታስሮ ሣር ቀርቦለታል።

«ሁሴን! ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«የዛሬው ተረኛ እኔ ነኝ» አለኝ፣ ሣሩን እያኘከ። «አልከፋኝም። ቀልበውኛል፣ ሐቃቸውን አልበላም።»

አንደኛው ሙክት ወደ እኔ መጣ። ጎኔን በሰኮናው ነካ ነካ አደረገና ለጓደኛው «ይሄኛው ገና ነው፣ ይግባ» አለው። ደሜ ፈላ። እንዴት ነው እኔ ገና የምሆነው? ሚስቴ ስትሰማ ምን ትላለች? ብዬ ልሟገት ስል አዳራሹ ውስጥ ገብቻለሁ።

ውስጥ ወንበሮቹን የያዙት ስፒከሮች ናቸው። ሱፍ ለብሰው፣ እግራቸውን አነባብረው ይጋበዛሉ። ሰዎቹ ግን በመድረኩ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ወፍራሞቹ ከታች፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ። የሚስቴ እህት ዘይነባ ከሁሉም በላይ ተሰቅላ ትጮሃለች።

«ዘይነባ፣ ውረጂ እንጂ! ትወድቂያለሽ!»

«አልችልም! ቀጭኗን ድምፅ የማወጣው እኔ ነኝ!»

«ማን አስቀመጠሽ?»

«ቦታዬ ነዋ!» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

አንድ የማላውቀው ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለኝ። «እንዴት ዋልክ?» የሚለው ከእኔ አፍ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ እዚያ አገር መልሱ ይቀድማል። አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ቆየችና ሲበቃት ቀልዱን ነገሯት። አንድ ሕፃን እሪ ብሎ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲጨርስ እናቱ ቆነጠጠችው። ማንም አልገረመውም። እኔም እንደ አገሬው አለፍኩ።

ያን ጊዜ ነው መድረኩ መሃል የተከመረውን ሰውዬ ያየሁት። የሙሽራዋ አባት በሚቀመጥበት ቦታ፣ ማለትም በእኔ ቦታ ላይ ተዘርፍጧል። ካባው ወለሉን ሸፍኖታል። ሆዱ ራሱን የቻለ ወንበር ተሰጥቶታል።

«ማነው ይሄ?» አልኩ።

«ጋሽ ማሚቶ ነዋ!» አለች ዘይነባ ከላይ። «ገደሉን ትቶ ከተማ ከገባ ሰነበተ እኮ!»

የገደል ማሚቶ! ከእጁ ቀጫጭን ገመዶች ወጥተው አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው አንገት ላይ ሁሉ ታስረዋል። እሱ አፉን ሲከፍት ገመዱ ይሳባል፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ዝም ይላል። የሚናገረውም ነገር ጭራ ጭራው ብቻ ነው። «…ራክ …ራክ …ራክ» ይላል። ማን ምን ብሎ እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይደርባል። ዝም የሚልበት ቀዳዳ ስለሌለ ሰዉ ቀና የሚልበት ቀዳዳም የለም።

ከእሱ ጀርባ ሙሽሮች ተደርድረዋል። አንድ ጥንድ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ አዳራሹ ጥግ ድረስ ሙሽራና ሙሽሪት፣ ሙሽራና ሙሽሪት። የፊተኞቹ ወጣቶች ናቸው። የኋለኞቹ ሽበታም ናቸው። ሱፋቸው ብብቱ ላይ ተተርትሯል፣ ቬሎውን ብል በልቶታል። ጎረምሶች ልጆቻቸው ምሳ በሣሕን ይዘው እየመጡ ያጎርሷቸዋል።

አንዱ ሽማግሌ ሙሽራ እጄን ያዘኝ። «ወንድሜ፣ አሚን የት ላይ ነው የሚባለው?» አለኝ።

«እንዴት?»

«ምርቃቱ አላለቀማ! ጀመሩት፣ ጋሽ ማሚቶ ተቀበለው፣ ይኸው እስካሁን እየተቀበለው ነው። ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ እኔ ገና ሙሽራ ነኝ።»

ሚስቱ አበባዋን እንደያዘች ጎኑን ጎሸም አደረገችው። «ዝም በል፣ ካሜራ እየቀረፀን ነው» አለችው።

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ፊተኛውን ወንበር አየሁ። ሰአዳ ናት። ልጄ። በቬሎዋ ሥር አንድ ነጭ ጸጉር ብቅ አለ። ዓይኔን አሸት ሳደርግ ሁለት ሆነ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ቶሎ በልልኝ።»

ማን ነው የልጁን ሽበት ቆሞ የሚያይ? እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ይመር ሳውንድ እያለ፣ በድምፅ የተነሳ ልጄ ሳትዳር ልትቀር? በጭራሽ!

አያ እንድሪስ ሊመርቁ ተነሱ። ማይኩ እሳቸውን ያዛቸው እንጂ እሳቸው ማይኩን አልያዙትም። አገጫቸውን ጨብጦ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቼክ» አለና ግንባራቸውን መታ መታ አደረገ። «ይሰራሉ» አለ ለስፒከሮቹ። አያ እንድሪስ በቀጭን ድምፃቸው «ቤታችሁ እንግዳ…» ከማለታቸው ጋሽ ማሚቶ ቃሉ ላይ ቁጭ አለበት። «…ግዳ …ግዳ …ግዳ!» ሕዝቡ ተወናበደ። ግማሹ «አሚን» አለ፣ ግማሹ «የምን ግዳ?» አለ፣ አንዱ ጭራሽ አጨበጨበ። አያ እንድሪስ ገመዱ ስቧቸው ጎንበስ አሉ። የሰአዳ ሽሩባ ግማሹ ነጣ።

ድምፁን ወደማስተካክልበት ሚክሰሬ ሮጥኩ። ሚክሰሩ ግን እንደ ቁምሳጥን ገዝፎ ቆሞ ጠበቀኝና ጆሮዬን ጨበጠው።

«ወፍራሙ ድምፅህ፣ ባስህ በዝቷል» አለና ግራ ጆሮዬን አዞረው።

«ልቀቀኝ! እኔ ነኝ አንተን የማዞርህ!»

«ድፍረትህንም ትንሽ ልቀንሰው» አለና ቀኙን ያዘ።

«ድፍረቴን እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩ። ጆሮዬ በእጁ እንዳለ ተጠማዝዤ ከኋላው ተመለከትኩ። የሽቦ አያያዝ ከፊት አይታይም፤ የባለሙያ ዓይን ሁልጊዜ ኋላ ኋላውን ነው። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ ገመድ፣ ያ ሁሉ ጎንበስ ያለ አንገት፣ የከተማው መከራ በሙሉ፣ ሽቦው በተቃራኒ ተሰክቶ ነው! ሰዎቹ ለማሚቶው እንዲያጎነብሱ ተደርጓል። መሆን የነበረበት ማሚቶው ለሰዎቹ ነው። ይኸው ነው ነገሩ። እጄን ሰድጄ ነቀልኩት።

ወዲያው አዳራሹ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ወጣና ፍርድ ቤት ሆነ። ፖሊሶቹን ሌቦች አስረው አመጧቸው። እኔን ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ዳኞቹ ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ገቡ።

«ክቡር ተከሳሽ» አሉኝ፣ «ሽቦ በመንቀል ተከሰዋል። ምን ይፈርዱብናል?»

«እናንተን ተውኳችሁ» አልኩ። «ማሚቶውን አቅርቡልኝ።»

ጋሽ ማሚቶ እየተገፋ መጣ። ሆዱን የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ተከትለውታል።

«አንተ ማነህ እኔን የምታዘኝ? …ዘኝ …ዘኝ?» አለኝ።

«ይመር ነኝ! ይመር ሳውንድ!» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ተራራው ስሜን አልደገመውም። ፈራኝ መሰለኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ማሚቶው። «ራሴን በራሴ አላወፈርኩ። እነሱ ናቸው ማይክ በያዙ ቁጥር ‹ጨምር፣ ጨምር› እያሉ ያጎረሱኝ። ገደሌ ውስጥ ሳለሁ እረኛ ሲጠራ መልሼ የምጠራ ቀጭን ነገር ነበርኩ።» እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። «አሁን ልታጠፋኝ ነው?»

አንጀቴን በላው። ሰው እኮ ኢኮ ሲያስቸግረው ቶሎ ብሎ ያጠፋዋል። እኔ ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ያለ ማሚቶ ድምፅ ደረቅ ነው፤ ሽሮ ያለ ቅቤ ነው። ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ያወራ ይመስላል።

«አላጠፋህም፣ ጋሽ ማሚቶ» አልኩት። «ካንተ ጋር ጸብ የለኝም። ሰው ሲናገር ጎንበስ ትላለህ፤ ሲጨርስ ቀና ትላለህ። ይኸው ነው ፍርዱ።»

«መጨረሱን በምን አውቃለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው! ከዚያ አገር ጥሩ ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የሽቦውን አንዱን ጫፍ አያ እንድሪስ አንገት ላይ በቀስታ አደረግኩ፣ ሌላውን ጫፍ ማሚቶው ወገብ ላይ አሰርኩ። «እስቲ አያ፣ ይሞክሩ» አልኳቸው።

«ቤታችሁ…» አሉና እንደ ልማዳቸው ትንፋሽ ወሰዱ። ጎንበስ ብሎ የነበረው ማሚቶ ብድግ አለ። «…ታችሁ! …ታችሁ!»

«ቁጭ በል!» አልኩት። «ምን ያንቀዠቅዥሃል? ትንፋሽ ነው የወሰዱት እንጂ አልጨረሱም። ትንፋሽ ሲወስዱ እዚያው ባለህበት ቆይ። ዝምታው ሲረዝም፣ ቀስ ብለህ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብለህ ቀና በል።»

«ቀስ ብዬ?»

«ቀስ ብለህ። ማንም ሲነሳ እንዳያይህ። ስትነሳ የሚያይህ ሰው ካለ እኔ ባለሙያ አይደለሁም።»

እሺ አለ። ሞከርን፣ ፈጠነ፤ ሞከርን፣ ዘገየ። የሰአዳ እጅ ላይ የአሮጊት ደም ሥር ሲወጣ አየሁ፤ ግን ሥራዬን አላቻኮልኩትም። እንደገና አሰርኩት፣ ትንሽ ላላ አደረግኩት። ያን ጊዜ ልክ ገባ። ልክ ሲገባ ሰው አይነግራችሁም፤ ጀርባችሁ ላይ ነው የምታውቁት።

«በሉ አያ!» አልኩ።

ከተራራው ተመልሰን አዳራሽ ውስጥ ነን። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቤታችሁ እንግዳ የማይጠፋበት ይሁን» አሉ።

እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ተሰማ። ማሚቶው እንደ ሙሽራ ሚዜ እጁን አጣምሮ አጎንብሷል። ቃሉ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ቀና አለና «…ይሁን …ይሁን» አለ፤ ሕዝቡ በዚያው ላይ «አሚን!» ብሎ ጣራውን አነሳው። አሚን! ሁሉም እኩል! ዘይነባ ከላይ ሆና እልል አለች። ስፒከሮቹ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኩርፊያችሁ እራት ሳይቀርብ ይለቅ።»

«አሚን!»

«ልጅ ይስጣችሁ፤ ልጁም የሚሰማ ጆሮ ይኑረው።»

«አሚን!»

ሽማግሌው ሙሽራ ሚስቱን አቅፎ ማልቀስ ጀመረ። «ተዳርን! ተዳርን እኮ!» ይላል። ልጆቻቸው ሣሕኑን ጥለው ይጨፍራሉ። ጋሽ ማሚቶ ባጎነበሰ ቁጥር ሆዱ እየጎደለ፣ ካባው እየሰፋው ሄደ። እኔ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ሥራ እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ለማን ልንገር? ለሁሉም ነገርኩ! እየዞርኩ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» አልኩ። ሁሴን እንኳ ገመዱን በጥሶ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

የሰአዳ ጸጉር ከሥሩ መጥቆር ጀመረ። አንዲት ዘለላ ብቻ ነጭ ቀረች። አንድ ምርቃት ብቻ ቀርቷል፤ በስሟ የሚባለው፣ የመጨረሻው። አያ እንድሪስ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። ማሚቶው አልተነሳም፤ አኮራኝ። አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣው ግን ቃል አልነበረም። «ኽርርርር…» የሚል፣ ግንድ የሚቆርጥ መጋዝ የመሰለ ነገር ነበር። ሕዝቡ እርስ በእርሱ ተያየና «አሚን!» አለ። እንደገና «ኽርርርር…»። ኧረ አያ፣ ምን ነካዎት? ብዬ ልጮህ ስል ሰው ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

«አባዬ! አባዬ ንቃ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። አዳራሹ ነው፤ እውነተኛው። ጠራራ ቀን። ሚክሰሩ ላይ ተደፍቻለሁ። ሰአዳ ከነቬሎዋ ከመድረክ ወርዳ አጠገቤ ቆማለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። የተጠራው ሰው በሙሉ አንገቱን ወደ እኔ አዙሯል። አገጬ ሥር ጠዋት ድምፅ ስሞክርበት የነበረው የራሴ ማይክ ወድቋል፤ አልዘጋሁትም። ሠርግ የሚደግስ አባት መቼ ይተኛል? ስንት ቀን ቆሜ ሰንብቼ፣ አያ እንድሪስ ሊመርቁ ሲነሱ እኔ ጭልጥ ብዬ ኖሯል።

«ምርቃቱስ?» አልኳት።

«አለቀ አባዬ።»

«አለቀ?» የስንቱን ሰው ልጅ ምርቃት ሰምቼ የልጄ አመለጠኝ! እንባዬ መጣ።

«ማንኮራፋትህ አዳራሹን ሞላው» አለችኝ ሰአዳ፣ እንባዬን በቬሎዋ ጫፍ እየጠረገች። «መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ እንድሪስ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ‹ደክሞት ነው፣ እንዳትቀሰቅሱት› አሉ። ከዚያ አንተ ስታንኮራፋ እየጠበቁ፣ አንተ ትንፋሽ ስትወስድ እየመረቁ ጨረሱት።»

«ቃላቸው ተሰማ?»

«አንድም አልቀረ።»

«ሕዝቡ አሚን አለ?»

«ለሁሉም። አንዳንዱ ለአንተም ብሏል።»

ቀና ብዬ አያ እንድሪስን አየሁ። ከመድረኩ ሆነው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሙሽራው መሬት መሬቱን ያያል፤ ለአማቱ ሲል ሳቁን ውጦ ፊቱ ቀልቷል። ሚስቴን ጭራሽ ላያት አልደፈርኩም። ከንፈሬን ጠረግኩና ልጄን ወደ ጆሮዬ ሳብኳት።

«ሰአዳ።»

«ወዬ አባዬ።»

«ሳንኮራፋ ኢኮው ረግጦኛል?»

«አባዬ!»

«መልሺልኝ እንጂ! ረግጦኛል ወይስ ጥርት ብሏል?»

ሕዝቡን አየች። እኔን አየች። ሳቋ አመለጣት።

«ጥርት ብሏል» አለችኝ።

«በይ እንግዲህ» አልኳት፣ «ሂጂ ተዳሪ።»